የእማሆይ ስንዱ ሰም ቀማሾች

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በምኩራብ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዱላዬን ተመርኩዤ ቆሜ ሳለሁ የልጅ ልጄ ከሱቅ የገዛችውን ጧፍ ለኩሳ አስያዘችኝ። ጣት ያህል እንኳ ሳይነድ ሽታው መጣ። ሞራ። ትንሽ ናት፣ ከሰሙ ጋር ተሸሽጋ የገባች ናት፣ ግን ሞራ ናት። ግራ ቀኜን አየሁ፤ ልብ ያለው ሰው የለም። የዛሬ ሰው አፍንጫው የፋብሪካ ሻማ ለምዷል። እኔ ግን ያን ሽታ አልስተውም። ጧፉን በጣቴ አጥፍቼ ወጣሁና ከጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ አመመዎት እንዴ?” አለችኝ ልጅቱ ተከትላኝ ወጥታ።

“አላመመኝም። ግቢና አስቀድሺ።”

ዋሸኋት። አሞኝ ነበር፤ ግን ሐኪም የሚያውቀው በሽታ አይደለም። ቅናት ነው። ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ ሚስቴን ቀብሬ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የቀናሁት ቅናት እንደ አዲስ ተነሣብኝ። እንግዲህ ነገሩን እንዳለ እጽፈዋለሁ። የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ በሠራው ዳስ ውስጥ ነው። ያጣመምኩትን እናንተ አቅኑት።

ሰፈራችን ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ነፋሱ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ መጥቶ የቤቱን ክዳን ሣር እንደ ዶሮ ላባ ይነጨዋል። ቤታችን ከእማሆይ ስንዱ ቤት ጋር አንድ አጥር ይጋራል። እማሆይ ባላቸው ሞቶ፣ ሁለት ልጆቻቸውን ፈንጣጣ ወስዶባቸው፣ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ነበሩ። ሥራቸው ጧፍ ነው። የደብራችን ጧፍ ሁሉ ከእሳቸው እጅ ይወጣል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም ይባላል።

ከበራፋቸው ሳልደርስ ገና ከአጥሩ ላይ ሽታው ይቀበለኝ ነበር። የሰም ሽታ የማር አይደለም፣ የአበባም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ሞቅ ያለ ነገር ነው። ከጠጅ ቤት የሚመጣውን ሰፈፍ በትልቅ ድስት ያፈሉታል፣ በአሮጌ ነጠላ ያጣሩታል፣ ሲረጋ እንደ ድፎ ክብ የሆነ ቢጫ ሰም ይወጣዋል። ያንን እንደገና በወተት ዱቄት ጣሳ ያቀልጡታል። ጣሳው ላይ የፈረንጅ ላም ተሥላ ነበር፤ እሳት ሲበላት ኖሮ ቀንዷ ብቻ ቀርቷል። የጥጥ ፈትሉን ከአግዳሚ እንጨት ላይ ያንጠለጥሉና በቅል ጭልፋ ሰሙን ከላይ ወደ ታች ያፈሱበታል። ሲጠነክር ሌላ ያፈሳሉ፣ ሲጠነክር ሌላ። ከዚያ ሙቀቱ ሳይወጣ ጣውላ ላይ በመዳፋቸው ያድቦለቡሉታል። መዳፋቸው ከዚያ ብዛት ልሙጥ ሆኖ ነበር። ጉንጬን ሲነኩኝ ሰው የነካኝ አይመስለኝም፣ የሞቀ ድንጋይ እንጂ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እሑድ ጧት ቅዳሴ ሲገባ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ “ለልማት ውጡ” ብሎ ይጮኻል። ሰም ጠፍቶ ነበር። ገበያ ላይ ከሚወጣው ሰም ግማሹ ሞራ የተቀላቀለበት ነው። ሞራ ደግሞ ለመቅደስ አይገባም፤ የእንስሳ ስብ ነው። በጾም ሞራ ያለበት ጧፍ ቤተ መቅደስ ውስጥ ማብራት ታቦቱን ማስገደፍ ነው፤ ይህን በእኛ አገር ሕፃኑም ያውቃል። እማሆይ ሰሙን ነክሰው እንዳይለዩ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቀማሽ ያስፈልጋቸዋል። ቀማሹ እኔ ነበርኩ።

እኔ ለእናቴ ሰባተኛ ልጅ ነኝ። እናቴ እኔን ስትጠራ መጀመሪያ የወንድሞቼን ስም ታዳርሳለች። “አንተ ጌጤ… አንተ ሙሉ… ኧረ ማነህ አንተ… አስማረ!” እማሆይ ግን አንዴ ነው የሚጠሩኝ። በአጥሩ በኩል፣ ሳይሳሳቱ።

“አስማረ! ና ቅመስልኝ!”

እበራለሁ። ከሰሙ ጥግ በቢላ ቆርሰው ይሰጡኛል። ንጹሕ ሰም ሲነከስ መጀመሪያ ይፈረፈራል፣ ከዚያ ይሰበሰባል፣ ጥርስ ላይ አይለጠፍም፤ መጨረሻ ላይ የአደይ ሽታ በአፍንጫ ይወጣል። ሞራ ያለበት ምላስ ያዳልጣል። እሳቸው ጭልፋቸውን ይዘው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቁኛል።

“ምን ይላል ጥርስህ?”

“ንጹሕ ነው እማሆይ!”

“ከሆነ ይሁን” ብለው ጣሳ ውስጥ ይጨምሩታል። ቄሰ ገበዙ ወንጌል የሚያነቡበት ጧፍ ሳይቀር በእኔ ጥርስ አልፎ ነበር የሚገባ። በቤቴ ሰባተኛ ነኝ፣ እዚያ ግን አንደኛ። ለዚያ ቦታ ሰው እደበድብ ነበር።

በጥቅምት ካሴ መጣ። አገሩ ጃናሞራ ነው፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ። እናት አባቱ ሞተውበት አጎቱ በጨነቅ መንገድ በበቅሎ አምጥቶ ለእማሆይ ጥሎት ሄደ፤ የሩቅ ዘመዳቸው ነው አሉ። የእኔ እኩያ ነው፣ ከእኔ የቀጠነ፣ ዓይኑ ፊቱን የሞላ። ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ ሁለቱም የግራ እግር። እኔ ጫማውን አይቼ ሳቅኩ። ያኔ ከሚያስቅ ልጅ በቀር ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ረቡዕ እማሆይ ከጸሎት ሳይመለሱ ሁለታችን ቤት ነበርን። ከአምባራስ አንድ ገበሬ ለስለት ያመጣው ሰም መሶብ ላይ ተቀምጧል፤ ማሩ በደንብ አልተጨመቀም፣ ከጥጉ ጠብ ይላል።

“አንዴ ላስ እንጂ” አልኩት። “ማን ያየናል?”

ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። “ያምረኛል። ግን ይከፋዋል።”

“ማን?”

“እግዜር ነዋ።”

ሳቄ መጣ። “እግዜር ይከፋዋል! አክስትህ ናት እንዴ? እግዜር ይመታል እንጂ አይከፋውም።”

“እኔ እንጃ” አለ ካሴ። “አባቴ መቶኝ አያውቅም። ሳጠፋ ግን ይከፋውና እራቱን አይበላም። እሱን ነበር የምፈራው።”

እኔ ላስኩት። ማሩ ከንፈሬ ላይ ነበር፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔ የማውቀው እግዜር እንደ ቀበሌያችን ጥበቃ ነበር፤ ጠመንጃ ያነገተ፣ ካየህ የሚይዝህ፣ ካላየህ የምታልፈው። ይህ ከጃናሞራ የመጣ ልጅ ግን ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መሰለኝ። እራቱን ስለማይበላ ሰው። ማሩ ጣፈጠኝ፤ ግን የሆነ ነገር ተወሰደብኝ። ምን እንደተወሰደብኝ አላወቅሁም።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ዐርብ ቀን ወታደር የጫኑ መኪኖች በመንገዱ አለፉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊያይ ሮጠ። ልክ በዚያን ጊዜ “አስማረ! ና ቅመስልኝ!” ተባለ። ሰሙን ተቀበልኩ፣ ወደ አፌ ያደረስኩ መሰልኩ፣ በእጄ ውስጥ እንደያዝኩት “ንጹሕ ነው!” ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ እማሆይ ካለቀው ጧፍ አንዱን አብርተው ያሸታሉ። ምንጊዜም ለቤተ ክርስቲያን ከመስጠታቸው በፊት አንዱን አብርተው ያሸቱ ነበር። ሞራ ነበረበት። የአንድ ቀን ሥራ ፈትሉ ሳይቀር ተበላሸ።

“አልነከስከውም፣ አይደል?”

“ነክሼዋለሁ።”

“እሺ” አሉ። የነደደውን ጧፍ በጣታቸው አጠፉት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ለጠላ የሚወቀጥ ጌሾ አጥሩ ሥር እያሰጣሁ ሳለ ድምፃቸውን ሰማሁ። “ካሴ! ና ቅመስልኝ!” ጌሾውን ተውኩት። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ።

“እማሆይ፣ እኔ አለሁ እኮ!”

ከጣሳቸው ቀና ሳይሉ፣ እንደ ዋዛ፣ “ካሴ እግዜርን ይፈራል፣ ልጄ” አሉኝ።

ምን ልበላችሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ አሥር አለቃ ፊት ለፊት ሰድቦኛል፣ አማቴ ሰነፍ ብላኛለች። እንደዚያች አንዲት ቃል የገባችብኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግዜርን መፍራት ጀመርኩ፣ ሰው እንዲያይልኝ ነው እንጂ። ካሴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ አንዴ ከሳመ እኔ ሦስቴ እስማለሁ። እሱ ከሰገደ እኔ ግንባሬ አፈር እስኪይዝ እሰግዳለሁ፣ አፈሩንም አልጠርገውም፤ እማሆይ ይዩት ብዬ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ በረሃብ ስንገዳገድ እማሆይ አዩኝና “ሂድ ብላ፣ አንጀትህን አትጉዳ” አሉኝ። አንድ ቀን ግን “አስማረ እግዜርን ይፈራል” አላሉም። በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር። ካሴ ይነክሳል፣ እማሆይ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ያች የአንገት ዘንበል ማለት የእኔ ነበረች። ከነጠላቸው ጫፍ ቀድደው ለአንገቱ ልብስ ሰጡት። ማታ ተኝቼ ያችን ጨርቅ አስባታለሁ።

ጾሙ ሊያዝ ሲል፣ ለቅበላ፣ አባቴ በግ አረደ። ሞራውን እንደ ሁልጊዜው በቅል አስቀመጠው፤ የእርሻውን ጠፍር፣ ያን ከነፀጉሩ ያለ የበሬ ቆዳ ማሰሪያ፣ የሚያሸው በሱ ነው። ጠፍሩን ካሸ በኋላ እጁን መልሶ ቅሉ ውስጥ ይከታል። እኔ ያን ቅል እያየሁ ሁለት ሳምንት አሰብኩ። አስቤበት ነው። ልጅነት ነው አልልም።

ከምኩራብ እሑድ በፊት ባለው ዐርብ ካሴ ሰሙን ቀመሰ፤ “ንጹሕ ነው” ሲል በአጥሩ ሰማሁት። እማሆይ ጣሳውን እሳት ላይ ጥደው ወደ ጓዳ ለጸሎት ገቡ። ካሴ እንስራ አዝሎ ወደ ወንዝ ወረደ። ገባሁ። እፍኝ የማይሞላ ሞራ ጣሳው ውስጥ ጣልኩ። ጢስ እንኳ አልወጣውም፤ ቀለጠና ጠፋ። ሐሳቤ ይህ ነበር፦ እማሆይ እንደ ልማዳቸው አንዱን ጧፍ አብርተው ያሸታሉ፣ ሞራ መሆኑን ያውቃሉ፣ “የካሴም ጥርስ ዋሸ” ይላሉ። በቃ። እዚያው ቤት ውስጥ ያልቃል፣ በማግስቱ “አስማረ!” ብለው ይጠሩኛል። ጧፉ መቅደስ ይገባል ብዬ በእግዜር ስም አላሰብኩም።

ወደ ማታ ላይ ጧፉ አልቆ ሲቆጠር የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጠባቂ እየተጣደፈ መጣ። ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶታል፣ መቆም አይችልም። እማሆይ አንዱን ጧፍ ለማብራት ወደ እሳቱ ጎንበስ አሉ፤ ሰውየው “ቶሎ በሉልኝ እማሆይ፣ ስም ሲጠራ ካልተገኘሁ ጉድ ይፈላብኛል” አላቸው።

ቀና አሉ። “ይሁን ውሰደው። ካሴ ቀምሶታል።”

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። “ካሴ ቀምሶታል።” እኔ በነበርኩ ጊዜ ሳያበሩ ሰጥተው አያውቁም። ጮኼ “አይወሰድ!” ማለት እችል ነበር። ቅዳሜም ሙሉ ቀን ነበረኝ። ግን ፍርሃቱና ቅናቱ ተያይዘው፣ አንዱ አፌን ሲከፍት ሌላው ይዘጋዋል።

የምኩራብ እሑድ የሚነበበው ጌታ ነጋዴዎችን ከመቅደስ ያስወጣበት ወንጌል ነው። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ዘርግተው ዲያቆኑ ጧፉን አስጠጋላቸው። ሦስት አራት መስመር አነበቡ፣ ቆሙ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። እንደገና ጀመሩ፣ ቆሙ። ከሴቶች መቆሚያ አንዷ “ወይኔ፣ ሞራ!” አለች። ጧፉ ሁሉ ጠፋ፤ ቅዳሴው በመስኮት ብርሃን አለቀ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ቆመ። ነፋሱ የሰውን ነጠላ ያርገበግባል። ከወዲያ ማዶ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም።

“ይኼ የጃናሞራ ልጅ ነው!” አለ አንዱ። “ከመጣ ጀምሮ ሰሙን የያዘው እሱ ነው።”

“ማን እንደላከው ማን ያውቃል? ካድሬዎቹ በሳቅ ይሞታሉ ዛሬ” አለ ሌላው።

“ወላጅ የሌለው ልጅ ምን ያስፈራዋል!” አለች አንዲት ሴት።

ካሴ በሁለቱ የግራ ጫማው ቆሟል። “ንጹሕ ነበር” አለ። “እኔ ስነክሰው ንጹሕ ነበር።” አላለቀሰም። አባቴ ሳይቀር “ወደ መጣበት ይመለስ” አለ። ይሄድልኛል ብዬ ደስ አለኝ፤ ያን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ የሞራውን ሽታ እንደማስታውሰው።

ያኔ እማሆይ መቋሚያቸውን እየደገፉ ወደ መሀል ገቡ።

“ጧፉ የወጣው ከእኔ ቤት ነው። ልጁን ተዉት።”

ቄሰ ገበዙ ደነገጡ። “እማሆይ፣ እርስዎ ሞራ አይጨምሩም! ይህን ማን ያምናል?”

“ጨመርኩ አላልኩም፣ አባቴ። ሳላበራ ሰጠሁ። ሳላሸት ሰጠሁ። ታቦቱ የተማመነው በእኔ ነው እንጂ በሕፃን ጥርስ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“ማን እንደጨመረው ያውቃሉ?”

እማሆይ በሕዝቡ ላይ ዓይናቸውን አዞሩ። ወደ እኛ ቤተሰብ ሲደርስ ትንሽ የቆየ መሰለኝ፤ ቀጠለ። “የጨመረውን የሚያውቅ እግዜር ነው። እኔን ይቅጡኝ።”

ቀጧቸው። እስከ ፋሲካ እጃቸውን ከሰም እንዲያነሡ፣ በየቀኑ መቶ እንዲሰግዱ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው እንዲያስቀድሱ። ጉልበታቸው የታመመ አሮጊት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በጸበል ተረጨ። አርባ ዓመት የነደደው የእማሆይ እሳት ጠፋ፤ ፋሲካ በፋብሪካ ሻማ በራ።

እውነቱን ልናገር ብያለሁና እናገራለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲሰግዱ አያቸው ነበር፤ ሲወድቁ፣ ካሴ ደግፎ ሲያነሣቸው። ያስለቀሰኝ ጉልበታቸው አልነበረም። “ለካሴ ሲሉ ወደቁ” የሚለው ነበር። ለእኔ ይህን ያደርጉልኝ ነበርን? ብናገር ቅጣቱ ይነሣላቸዋል፤ ግን ብናገር ካሴ ይበልጥ ይከብራል፣ እኔ ደግሞ ሞራ የጨመረው ልጅ እሆናለሁ። አልተናገርኩም። የሰፈሩ ልጆች ካሴን “ሞራ” ብለው ስም አወጡለት። እኔም አብሬ “ሞራ! ሞራ!” ብዬ ጠርቼዋለሁ። ዞሮ ያየኝና መንገዱን ይሄዳል።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን፣ የሰሙ ሽታ እንደገና በአጥሩ መጣ። ቀጥሎም ድምፁ።

“አስማረ! ና ቅመስልኝ!”

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ካሴ ጥግ ላይ ፈትል ያጠነጥናል፣ ቀና አላለም። እማሆይ ከስተዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል። ቆርሰው ሰጡኝ። ነከስኩት፣ በደንብ ነከስኩት። ተፈረፈረ፣ ተሰበሰበ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ያችን የእኔን የአንገት ዘንበል ማለት።

“ምን ይላል ጥርስህ?”

ንጹሕ ነበር። ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። “ንጹሕ” ብል ከዚያ ቀጥሎ ሌላው ሁሉ የሚከተል መሰለኝ። ሰሙን ከአፌ አውጥቼ ጣውላው ላይ ጣልኩና ሮጥኩ። ከዚያም በየጊዜው ጠሩኝ። “አስማረ!” ሲሉ አልሰማሁም እያልኩ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት። አሁንም ይጠሩኛል፤ አልሄድም። ከዚያ ዕድሜዬ ሲደርስ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰድኩ። ሰሜን ምሽግ ውስጥ ሳለሁ ከቤት በተጻፈ ደብዳቤ ከከብቱና ከዝናቡ ወሬ በታች አንድ መስመር ነበረች፦ እማሆይ ስንዱ አረፉ፣ ካሴ ቀበራቸው ይላል። “ካሴ ቀበራቸው” የምትለውን ደጋግሜ አነበብኳት። እዚያም ቀደመኝ አልኩ።

ይኸው ባለፈው ምኩራብ ከጥዱ ሥር ተቀምጬ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ማግስቱን ዱላዬን ይዤ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ በመኪና ሄድኩ፤ ካሴ እዚያ ገጠር ደብር ላይ ቄስ ነው፣ መምሬ ካሴ ይሉታል። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን አንተ ነው፣ ከዚህ አላልፍም። ከደጁ ቁጭ ብሎ ባቄላ ይለቅማል። መስቀሉን አሳለመኝ። መስቀሉን ሳልለቅ፣ ሳልቀመጥ፣ “ያን ሞራ የጨመርኩት እኔ ነኝ” አልኩት።

ባቄላውን መልቀም ቀጠለ። “አውቃለሁ።”

“ምን?”

“እሳቸውም ያውቁ ነበር። ተቀመጥ።”

ቆሜ ቀረሁ። “ማን ነገራቸው?”

“ማንም። ደጀ ሰላም ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ፣ አንተ ብቻ እሳቸውን ታይ ነበር። ቤት ገብተን ጣሳውን ስናጥብ ከሥሩ የበሬ ፀጉር አገኘን፤ አባትህ ጠፍር ሲያሹ የሚለቀው። እኔ ወጥቼ ልናገር ተነሣሁ። ይዘው አስቀመጡኝ። ‘አባቱ ይገድለዋል’ አሉኝ። ‘ስሙም ይወጣል።’”

“ስሙ ላንተ ወጣ።”

“ወጣ።” ፈገግ አለ። “ዓመት ሙሉ ጠላሁህ፣ አልዋሽህም። ዛሬ ቄስ ሆንኩ እንጂ ያኔ በድንጋይ ልፈነክትህ ሁለት ጊዜ ጠብቄሃለሁ። እሳቸው ግን በየጊዜው ይጠሩሃል፣ አትመጣም። እኔ ‘ተዉት፣ ይሄ አይመጣም’ ስላቸው ይቆጡኛል። ‘አስማረም እግዜርን ይፈራል’ ይላሉ። ‘ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይመጣል።’”

ያኔ ነው የተቀመጥኩ።

ስሙልኝ። ያችን ቃል ለመስማት ግንባሬን አፈር አስይዤ፣ ደጃፍ ሦስቴ ስሜ፣ ሰው አስገድፌ ነበር። እሳቸው ቃሉን ብለውታል፤ እኔ በሌለሁበት፣ ለካሴ። ለካሴ ወደቁ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀና፣ የወደቁት ለእኔ ነበር። ይህን ያውቅ የነበረውም ካሴ ነው። ለካ እሱም በእኔ ሳይቀና አልቀረም። አልጠየቅሁትም።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት አውራጃ ተቀምጠህ!”

“ራሱ ይምጣ ብለውኝ ሞቱ። ምን ላድርግ?”

ወደ ቤት ገባና በጨርቅ የተቋጠረች ነገር አመጣ። ጨርቋ የነጠላ ጫፍ ናት፤ ያች ሌሊት ሌሊት ያሰብኳት። ስፈታት ውስጧ ያን ቀን ጣውላው ላይ ጥያት የሮጥኳት የሰም ቁራሽ አለች፣ ከዕድሜ ብዛት ጠቁራ የዋንዛ እንጨት መስላለች። የልጅ ጥርስ ታትሞባታል። በግራ በኩል አንዲት የጎደለች ጥርስ ነበረችኝ፤ ክፍተቷ ሳይቀር ሰሙ ላይ አለች። “ሲመጣ ስጠው ብለውኛል” አለ ካሴ። ተመልሶ ባቄላው ላይ ተቀመጠ።

በጣቴ ዳሰስኳት። ያ ልጅ፣ የያኔው እኔ፣ ከአንዲቷ በቀር ጥርሱ ሙሉ ነበር፤ በእሱም ቀናሁ። እኔ የቀሩኝ ከኋላ ሁለት ናቸው። ያች ቁራሽ በሁለቱ መካከል ገባች። ደርቃ ነበር፤ ቆየችና ተፈረፈረች፣ ተሰበሰበች፣ ጥርሴ ላይ አልተለጠፈችም።

“ንጹሕ ነው፣ እማሆይ” አልኩ።

ካሴ ከባቄላው ቀና አለ። “ምን አልክ?”

“አንተን አላልኩህም” አልኩት።